«ቻለው» አትበሉት

ልጆቼ፣ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። እኔ ዛሬ የምመክራችሁ ግን የመጠንቀቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስላለው ነው። ካንሰር ቤት ገብቶ፣ ሐኪም ስሙን ተናግሮ፣ ታማሚው ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድርበትን ጊዜ ማለቴ ነው። እዚህ ድሬ ዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ በዚህ ያልተፈተነ መንደር የለም። ታማሚ ልጠይቅ ስገባ ደግሞ ከጠያቂው ሁሉ አፍ የምሰማው አንድ ቃል ነው፤ ወንዱን «ቻለው»፣ ሴቷን «ቻይው» ይሏቸዋል።

ይህን ቃል እንድትተዉት ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። የካንሰር ሕመም ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ሊያስታግሱት የሚቻል ነገር ነው። ካንሰሩ የማይድን ቢሆን እንኳ ሕመሙ ይታከማል። ሰው የማይድን በሽታ ይዞ ተኝቶ ማደር፣ ቁርሱን መቅመስ፣ ከልጅ ልጁ ጋር መጫወት ይችላል። ዘመኑ ለዚህ ብዙ መሣሪያ ሰጥቶናል፤ በአፍ ከሚወሰድ ሽሮፕ አንስቶ ሮቦት አቅጣጫውን ይዞለት ነርቭ ዘንድ እስከሚደርስ መርፌ። መሣሪያው ሁሉ የሚሠራው ግን ታማሚው ሲናገርና ቤተሰቡ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ እንግዲህ መናገርን ይመለከታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን እንደብቃለን። አባት ልጆቹ ፊት «አመመኝ» ማለት ያፍራል፤ እናት «ልጆቼን አላስጨንቅ» ብላ ጥርሷን ነክሳ ታድራለች። ሐኪም ፊት ሲቀርቡም «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» ይላሉ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ምስጋናው አይቅር፤ ቀጥሎ ግን ያለውን ተናገሩ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለሹመት ብቻ አይደለም፤ ዝም ካላችሁ ማስታገሻውም ይቀራል።

ሲናገሩም «ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል» ማለት ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። አማርኛችን በዚህ ድሃ አይደለም፤ ተጠቀሙበት። ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ እንደ መርፌ ይጠቀጥቀኛል የሚል ታማሚ ብዙ ጊዜ ነርቭ እንደተነካበት ያመለክታል። ስንቀሳቀስ ይብስብኛል፣ አንድ ቦታ ላይ ይጠዘጥዘኛል የሚለው አጥንት ሊሆን ይችላል። ከእምብርቴ በላይ ይጨመድደኛል፣ ወደ ጀርባዬ ዘልቆ ይወጣል፣ ጎንበስ ስል ይቀለኛል የሚለው ደግሞ ሐኪሙን ወደ ቆሽት እንዲያስብ ያደርገዋል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያያል። የታማሚው ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከሆነ አስተርጓሚ ሆኖ የሚገባው ሰው እነዚህን ቃላት በደንብ የሚያውቅ ይሁን። ሕፃን ልጅ ለእናቱ የማኅፀን ሕመም አስተርጓሚ አይደረግም፤ እናት በልጇ ፊት ሙሉውን አትናገርም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ነውና አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። ከቤት አንድ ሰው ይያዘው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ታማሚውን ጠይቃችሁ ቁጥር ጻፉ፤ ዜሮ ማለት ምንም ሕመም የለም፣ 10 ማለት ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የወሰደው መድኃኒትና ሰዓቱ፣ የተኛበት ሰዓት፣ ሰገራ መውጣቱ አለመውጣቱ ይጻፍ። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 8፤ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ 4፤ ንጋት ላይ ተመልሶ 7» የሚል አንድ መስመር ሐኪሙን ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጥ ያግዘዋል። ሕመሙ ከሚቀጥለው መድኃኒት ሰዓት በፊት እየተመለሰ መሆኑን ያይና መጠኑን ያስተካክላል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ሞርፊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሕመምን በደረጃ የማከም መመሪያ አወጣ። ለቀላሉ እንደ ፓራሲታሞል ያለ፣ ለመካከለኛው ከበድ ያለ፣ ለብርቱው እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት ይሰጥ አለ። በአፍ የሚወሰድ ይሁን፣ ታማሚው እስኪጮህ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ የሚለውም ያን ጊዜ የተነገረ ነው። ያ ምክር እስካሁን የካንሰር ሕመም ሕክምና ጀርባ አጥንት ነው።

በሰፈራችን ግን ሞርፊን ሲታዘዝ ቤቱ ይደነግጣል። «እንግዲህ አለቀለት» ይባላል። አይደለም ልጆቼ። ሞርፊን የሚታዘዘው ሕመሙ ስለበረታ ነው፤ ሞት ስለቀረበ አይደለም። ወራትና ዓመታት እየወሰዱት የሚኖሩ አሉ። «ሱስ ያስይዛል» የሚለውም ፍርሃት በልክ ይሁን። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚወሰድ ሞርፊን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ አይደለም፤ ሰውነት ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቆምም፣ ሲቀነስም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። የማይለቀው ሆድ ማድረቁ ነው። ስለዚህ ሞርፊን ሲጻፍ የሆድ ማለስለሻውም አብሮ ይጻፍልን ብላችሁ ጠይቁ። ታማሚው ከሚገባው በላይ ካንቀላፋ፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ግን ነገ እንይ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የድሬን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ቀትር ላይ ጫት የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። ታማሚው የሚቅም ከሆነ ለሐኪሙ ይንገረው፤ አያፍር። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ሞርፊኑም ሆድ ያደርቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው በካንሰሩ ሳይሆን በሆድ ድርቀት ሲሰቃይ ያድራል። በዚህ ሙቀት ውሃ አብዝቶ መጠጣትም አይዘንጋ። መድኃኒቱ ከፀሐይና ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚወጣ ስለሆነ በየፋርማሲው አይገኝም፤ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳለ ማዘዣውን አድሱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»።

ድሃ አገር ይህን አይችልም የምትሉ ካላችሁ ዩጋንዳን ተመልከቱ። እዚያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ የሚባል ድርጅት ፈሳሽ ሞርፊን እያዘጋጀ ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲያክም ኖሯል። ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም ሞርፊን እንዲያዙ አገሪቱ ፈቀደች። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን በየቤታቸው ሲያስታምም ቆይቷል፤ የጀመረችውም ነርስ ናት። ማስታገሻ ሕክምና ከሕንፃ በፊት ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

ወሪያ፣ አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ስልካችሁ ላይ እያያችሁ ወደምትጠይቁኝ ነገር ልምጣ። «አባባ፣ ሮቦት መርፌ ወግቶ የካንሰር ሕመም ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር።

በድሮው ምድር ባቡር ስሠራ ከአዲጋላ ጣቢያ የሚመጣው ወሬ ድሬ የሚደርሰው በስልክ ሽቦ ነበር። ሽቦው መሐል ላይ ከተቋረጠ አዲጋላ ላይ የሆነው ነገር ሆኗል፤ ወሬው ግን ድሬ አይደርስም። ነርቭ ብሎክ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ካንሰሩ ባለበት አለ፤ ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የነርቭ መንገድ ግን ይዘጋል። ስለዚህ ነርቭ ብሎክ ካንሰርን አያድንም፤ ያድናል የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ፈልጎ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከሆድ በላይኛው ክፍል የሚመጣውን ሕመም የሚሸከመውን የነርቭ ጥልፍልፍ በጀርባ በኩል በመርፌ መድረስ እንደሚቻል ጀርመናዊው ሐኪም ካፒስ ያሳየው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ጥልፍልፍ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት፣ ከልብ የሚወርደውን ትልቁን የደም ሥር ተደግፎ ይገኛል። የቆሽት፣ የጨጓራና የጉበት ሕመም በዚያ ያልፋል። የማኅፀን በር፣ የፊኛና የፊንጢጣ ካንሰር ሕመም የሚያልፍበት ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ወገብና ዳሌ ከሚገናኙበት አጥንት ፊት ያለው ሌላ ጥልፍልፍ ነው። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚበዙት ካንሰሮች አንዱ የማኅፀን በር ካንሰር ስለሆነ ይህኛውን እናቶችና ሴት ልጆች ልብ ይበሉት።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ታማሚው ሲቲ ስካን አልጋ ላይ ሆዱ ሥር ትራስ ተደርጎለት በደረቱ ይተኛል። በክንዱ የደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ የደም ግፊቱ ይታያል። ጀርባው በአዮዲን ይጸዳል፣ ቆዳው ይደነዝዛል። ፎቶ ይነሣል፤ ሐኪሙ በፎቶው ላይ መርፌው የሚገባበትን ቦታ፣ ማዕዘንና ጥልቀት ይለካል። ቀጭን ረጅም መርፌ ኩላሊትንና የደም ሥርን እየሸሸ ቀስ ብሎ ይገባል፤ በየመሐሉ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በፎቶ ላይ የሚታይ ፈሳሽ ጥቂት ይገባና የት የት እንደተዳረሰ ይታያል። ቦታው ልክ ከሆነ ማደንዘዣ፣ ቀጥሎም ነርቩን የሚያከስም አልኮል ይሰጣል። አልኮሉ ሲገባ ለአጭር ጊዜ ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ብቻ አስቀድሞ ይሞከራል፤ ሕመሙ ከቀነሰ ነው ወደ አልኮሉ የሚታለፈው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ጥሩ ሐኪም እዚህ ላይ አይቸኩልም።

ሮቦቱ የሚገባው በመለካቱና በመያዙ ላይ ነው። ከሲቲ ስካኑ ፎቶ በወጣው ዕቅድ መሠረት የማሽኑ ክንድ መርፌው የሚያልፍበትን መምሪያ በትክክለኛው ማዕዘን ይዞ ይቆማል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል፤ የማሽኑ ክንድ አይንቀጠቀጥም። መርፌውን ደጋግሞ ማውጣትና ማስገባት፣ ፎቶም ደጋግሞ ማንሣት እንዲቀንስ ታስቦ የተሠራ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች በ2013 እ.ኤ.አ. በአልትራሳውንድ እየታዩ በሮቦት የተሠሩ የመጀመሪያዎቹን የሰው ነርቭ ብሎኮች ለዓለም አሳውቀዋል፤ ያ ለካንሰር ሳይሆን ለእግር ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ሮቦቱንም የሚመራው ሐኪሙ ነበር። ወሳኙ ዛሬም ሐኪሙ ነው። የት ይወጋ፣ ምን ይሰጥ፣ መቼ ይቁም የሚለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሕመሙን የሚያስታግሰውም ሮቦቱ ሳይሆን ነርቩ ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ነው፤ ያው መድኃኒት በሠለጠነ እጅ፣ በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንባችሁ። ሮቦት ፍለጋ ቤት ሸጦ ባሕር ማዶ ከመሄድ በፊት እጃችሁ ላይ ያለው ሞርፊን በትክክል መወሰዱን አረጋግጡ። ከውጭ ያሉት ልጆቻችን «እኔ ልኬ አሳክመዋለሁ» ሲሉም ገንዘቡ መጀመሪያ ለማይቋረጥ መድኃኒት፣ ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ይዋል በሏቸው።

ይህን ስል ነርቭ ብሎክ ይቅር ማለቴ አይደለም። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ነው። ሞርፊኑ ተጨምሮ ተጨምሮ ሕመሙ ካልታገሰ፣ ወይም ሕመሙ ታግሶ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል ከሆነ «ነርቭ ብሎክ ይጠቅመዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ለቆሽት ካንሰር ሕመም ጥሩ ስም ያለው ሕክምና ነው። እፎይታው ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሞርፊኑም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ላይቀር ይችላል። ለመጠየቅም የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቁ። ዕጢው እያደገ አካባቢውን ሲያጣብብ መድኃኒቱ እንደሚፈለገው አይሰራጭም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ጠይቁ። ሕመሙ የሚመጣው ከየትኛው ነርቭ ነው? አስቀድሞ በማደንዘዣ ይሞከራል ወይ? በምን መሣሪያ እያዩ ነው የሚሠሩት? ምን ጉዳት ሊመጣ ይችላል? ከሥራው በኋላ የደም ግፊት መውረድ፣ ለጥቂት ቀናት ተቅማጥና የጀርባ ሕመም የተለመዱ ናቸው፤ እጅግ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን የእግር ሽባነትን የሚያህል ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ደሙ የማይረጋ ወይም ትኩሳት ያለው ታማሚ አስቀድሞ ይናገር። ጠያቂ ታማሚን የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ በትሕትና ድገሙት፤ ጥያቄው የእናንተ መብት ነው።

የት እንሂድ ለምትሉ፦ መነሻችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ይሁን። ሞርፊንና ክትትል በቅርብ የሚገኝ ከሆነ በቅርብ መያዙ ይሻላል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በአገሪቱ የካንሰር ማዕከል እንዲሆኑ ከተመረጡት አንዱ ነው። ለከበደው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ለካንሰር ሕክምና» ብቻ ሳይሆን «ለሕመም ማስታገሻ» የሚልም እንዲጻፍ ጠይቁ። የድሮ ሲቲ ስካን ፊልሙን፣ የናሙና ውጤቱንና ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ የሚወጣ ታማሚ የመድኃኒቱ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳያልፍበት አስቡበት፤ ለሕመምተኛ ዳገቱ ሁለት እጥፍ ነው።

ሌላም ምክር አለኝ፤ ይህን የምትጠሉ ትኖራላችሁ። ሐኪሙን በር ላይ ይዛችሁ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግረው» አትበሉት። አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው። ነገር ግን ጀርባው ላይ ረጅም መርፌ የሚገባበት ሰው ለምን እንደሚወጋ ማወቅና መፍቀድ አለበት። ደግሞም ታማሚው ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ እናንተ ስለደበቃችሁት እሱም ይደብቃችኋል፣ ሕመሙንም አብሮ ይደብቃል። ቀስ ብላችሁ፣ የሚፈልገውን ያህል፣ በሚያምነው ሰው አፍ ይነገረው።

ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። እምነት ሰውን ያበረታል። ግን ጸበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን ያቆመ ታማሚ ሕመሙ በእጥፍ ተመልሶበት ይሰቃያል። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። በጾምና በረመዳንም ታማሚ ምን እንደሚፈቀድለት የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ታገኛላችሁ።

መጨረሻ ላይ ለእድር ሹማምንትና ለአፎቻ ማኅበር አባላት የምለው አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ቀብር እናደምቃለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ደግ ባሕል ነው። ነገር ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ለሐረር መጓጓዣ አጥቶ፣ መድኃኒት የሚያመላልስለት ጠፍቶ ሲጮህ ያደረውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከቀብሩ ገንዘብ ጥቂቱን ለሕያው ታማሚ መድቡ። በየተራ ሌሊት የሚያስታምም ሰው አደራጁ፤ አስታማሚዋ ሚስት ወይም ሴት ልጅ እሷም ታማለች፣ እሷም ትተኛ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን በዚህ እናሳይ።

ሕክምና ለምትማሩ ልጆቻችንም አንድ አደራ አለኝ። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ነው፤ ማሽኑ ሲመጣ የሚያሠራው የድሬ ልጅ ይሁን። አኒስቴዥያም ራዲዮሎጂም ስትመርጡ የሕመም ሕክምናን አትናቁት።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ፣ ታማሚ ያለበት ቤት ስትገቡ «ቻለው» አትበሉት። አጠገቡ ተቀመጡና «ከዜሮ እስከ 10 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአምስት በላይ ከሆነ ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።